ጅማ ላይ የወሰድኩት የሱፐርቫይዘርነት ስልጠና፣ 3,500 ብሩ ያዋጣል ወይ?

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ስለሆነ አንዴ በደንብ ጽፌው ልገላገል። ስልጠናው "ለጀማሪ ሱፐርቫይዘሮች" ተብሎ በየግድግዳው የተለጠፈው ነው፣ ስምንት ቅዳሜ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ክፍያው 3,500 ብር። የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም ምክንያቱም የምወቅሰውም አለኝ፣ ጅማ ደግሞ ትንሽ ናት፣ ዛሬ የጻፍሽው ነገ መርካቶ ሽንኩርት ስትገዢ ፊት ለፊትሽ ይመጣል። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ያላወቃችሁ ጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ካላወቃችሁ አስተያየቴ አይገባችሁም። የምሰራው ቡና ማዘጋጃ መጋዘን ውስጥ ነው። ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ይገባል፣ ይቀሸራል (ገለባው ይፈለፈላል)፣ ይበጠራል፣ በሴቶች እጅ ይለቀማል፣ 60 60 ኪሎ ጆንያ ሆኖ ይወጣል። አራት ዓመት መዝጋቢ ነበርኩ፣ ደብተሬን ይዤ ሚዛን አጠገብ ቁጭ። አንድ ቀን የፈረቃው ሃላፊ ድንገት ለቀቀና ስራ አስኪያጁ በመስኮት ጠርቶኝ "ከነገ ጀምሮ ፈረቃውን አንቺ ያዢ" አለኝ። በቃ ይሄው ነው። ደብዳቤ የለ፣ ማስረከብ የለ፣ ስራው ምን ምን እንደሆነ የጻፈልኝ የለ፣ የደሞዝ ጭማሪው እንኳን የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። 41 ሰው ስር፣ ከነሱ ውስጥ ግማሹ በእድሜ እናቴ የሚሆኑ።

የመጀመሪያውን ወር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ጮህኩ፣ ምክንያቱም ከኔ በፊት የነበረው ይጮህ ነበር እና ሃላፊነት ማለት እሱ መስሎኝ። ጩኸቱ ሲያልቅብኝ ደግሞ ተገልብጬ ራሴ መልቀም ጀመርኩ፣ ለቀማው ወደኋላ ሲቀር ቁጭ ብዬ ከሴቶቹ ጋር እለቅማለሁ፣ ጥሩ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነው'ኮ፣ ግን እኔ እዛ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ማሽን ክፍል ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያይ የለም፣ መኪና መጥቶ የሚያስጭን የለም፣ የቀኑ ሪፖርት ደግሞ ማታ ቤት ወስጄ በሻማ የምሞላው ሆነ። ምሳ አብረን እንበላ የነበርነው ልጆች ስመጣ ወሬ ያቆማሉ። አንዷ "ካቦዋ መጣች" ስትል ሰምቻለሁ፣ ያን ቀን ምሳዬን ሚዛን ቤት ውስጥ ብቻዬን በላሁ።

እና ማስታወቂያውን ያየሁት በዛ ሰሞን ነው፣ ከራሴ ኪስ ከፈልኩ። (መስሪያ ቤታችሁ ይክፈል ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ አፍሬ አልጠየቅኩም፣ በኋላ ግን ሌላ ድርጅት ለሶስት ሰው ከፍሎ እንደላከ ክፍል ውስጥ ሰማሁ፣ ተናደድኩ።)

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች በግልጽ ልናገር፣ ብክነት ናቸው። አንድ ወጣት ልጅ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ስላይድ ይከፍታል፣ ያነባል። "ሊደርሺፕ ማለት ምን ማለት ነው፣ ማኔጅመንትና ሊደርሺፕ ልዩነታቸው፣ የመሪ ባህሪያት 10" ምናምን። እኛ ክፍል ውስጥ 22 ሰው ነን፣ ግማሻችን ቡና፣ የተቀረው ከግንባታ ሳይት፣ ከዳቦ ቤት፣ ሁለት ከልብስ ስፌት፣ አንድ የሆቴል ሃውስኪፒንግ ሃላፊ። ሁላችንም ሳምንቱን ሙሉ በእግራችን ቆመን የመጣን ሰዎች ነን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ እንዲህ አይነት ነገር ሲነበብልህ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዳቦ ቤት የሚሰራው ልጅ አንኮራፋ። እውነቴን ነው፣ ሰማነው። የተሰጠን ጥራዝም ከሆነ ቦታ በመተርጎሚያ የተተረጎመ ይመስላል፣ አንዳንዱ አረፍተ ነገር መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅም። በሁለተኛው ሳምንት ገንዘቤን ልጠይቅ አስቤ ነበር።

ሶስተኛው ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው መጡ። በእድሜ የገፉ፣ ፋብሪካ ውስጥ በፎርማንነት ብዙ ዓመት የሰሩ ሰውዬ፣ ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ላፕቶፕ የላቸውም። ይዘው የመጡት አንድ ባዶ ጆንያ፣ ሲባጎ እና ትልቁን የጆንያ መርፌ ነው። ምንም ሳይናገሩ የጆንያውን አፍ ጠቅልለው ሰፉ፣ ጥግና ጥጉን ጆሮ አወጡለት፣ ቋጠሩ፣ ምናልባት አንድ ደቂቃ። ከዛ ለግንባታው ልጅ ሰጡትና "ድገመው" አሉት። አልቻለም፣ ተሳቀ። ከዛ ለሆቴሏ ሴትዮ በቃል ብቻ ነገሯት፣ መርፌውን በዚህ አስገቢ፣ ሲባጎውን በዚህ መልሺ፣ ሳያሳዩ። እሷም አልቻለችም። "አያችሁ፣ አንዱን አሳየሁት አልተማረም፣ አንዷን ነገርኳት አልተማረችም፣ እናንተ ሰኞ ዕለት አዲስ ሰራተኛ ስትቀበሉ የምታደርጉት ከነዚህ ሁለቱ አንዱን ነው፣ ከዛ 'ደደብ ላኩብኝ' ትላላችሁ" አሉ። እኔ ፊቴ ጋለ ምክንያቱም ቃል በቃል እንደዛ ብዬ ነበር፣ በዛው ሳምንት።

ከዛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁላችንንም ሰበሰቡና በአራት እርከን አሳዩን። መጀመሪያ ሰውየውን አረጋጋው፣ ከዚህ በፊት ምን እንደሚያውቅ ጠይቀው፣ ስራው በደንብ በሚታይበት በኩል አቁመው። ሁለተኛ እያሳየህ ንገረው፣ አንድ በአንድ፣ በየእርምጃው ወሳኟ ነጥብ የቷ እንደሆነች እና ለምን እንደሆነ ጨምረህ። ሶስተኛ እሱ ይስራው፣ ሲሰራ ስህተቱን እዛው አርም፣ ከዛ ድጋሚ እየሰራ ራሱ ላንተ ያስረዳህ። አራተኛ ልቀቀው ግን ሲቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ ንገረው፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ እየሄድክ እየው ከዛ እያራራቅክ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄንን ብቻ ሰራን፣ እያንዳንዳችን ከስራ ቦታችን አንድ ነገር አምጥተን ለሌላው አስተማርን። ከሃውስኪፒንጓ ሴትዮ የአልጋ አንሶላ ጥግ አስተጣጠፍ ተምሬ መጥቻለሁ፣ ቤቴ ላይ እስካሁን እሰራበታለሁ።

ይሄ ዘዴ የሳቸው ፈጠራ እንዳልሆነም ነገሩን፣ ታሪኩ ደስ ስላለኝ ልጻፈው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ስራ የሚያውቀው ወንድ ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ፋብሪካው ማሽን አይቶ በማያውቅ ሰው ተሞላ፣ ሴቶችም ብዙ ገቡ፣ እና በፈረንጆቹ ከ1940 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ለፎርማኖች የሚሰጥ አጭር ስልጠና አዘጋጁ፣ ትሬኒንግ ዊዝን ኢንዱስትሪ ይሉታል። ሶስት ዋና ክፍል ነበረው፣ ስራ ማስተማር፣ የስራ ዘዴ ማሻሻል፣ ከሰራተኛ ጋር ያለ ግንኙነት። ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ሰልጥኖበታል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ተዉት፣ ጃፓን ግን ይዛው ቀረች፣ ዛሬ ካይዘን የምንለው ነገር (ስራን በየጊዜው ትንሽ በትንሽ ማሻሻል) ላይ የሱ እጅ አለበት። ያ ካይዘን ደግሞ ዞሮ እኛ ሀገር መጣ፣ የካይዘን ኢንስቲትዩት በፈረንጆቹ 2011 ነው የተቋቋመው። ሽማግሌው ይሄን ሲተርኩ "አሜሪካኑ ለጃፓን፣ ጃፓኑ ለኛ፣ እኛ ደግሞ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው" ብለው ሳቁ። የዛ ስልጠና መፈክር ደግሞ ሰራተኛው ካልተማረ አስተማሪው አላስተማረም የሚል ነበር አሉን። ይቺን ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌያታለሁ።

ሰኞ ሞከርኩት። ከማና ወረዳ የመጣች አዲስ ልጅ ነበረች፣ 19 ዓመት ቢሆናት ነው። ድሮ ቢሆን እትዬዎቹ አጠገብ አስቀምጬ "እያየሽ ስሪ" ብያት እሄዳለሁ። አሁን እሁድ ማታ ቁጭ ብዬ ለቀማን ከፋፈልኩት፣ አራት ዓመት ሳየው የኖርኩት ነገር ነው ግን ስጽፈው ላብ አወጣኝ። ቡናውን አትከምሪው በስሱ ዘርጊው። መጀመሪያ ጥቁሩን አንሺ ምክንያቱም እሱን ዓይን ቶሎ ይለየዋል፣ ከዛ የተሰባበረውን፣ ከዛ ነው የነቀዘውን የምትፈልጊው፣ እሱን ካልገለበጥሽው ቀዳዳው አይታይም። የበሰበሰ ሽታ ያለውን አትለፊው ምክንያቱም አንዷ ፍሬ የስኒውን ሙሉ ጣእም ታበላሻለች። "ምክንያቱም" የምትለዋ ነገር ናት ዋናዋ። ልጅቷ ሽታውን ለምን እንደሆነ ስነግራት ዓይኗ በራ፣ ከዛ ራሷ መልሳ ስታስረዳኝ (በኦሮምኛ ነው፣ እኔም የምችለውን ያህል) አንዱን ደረጃ ዘለለች፣ እዛው አገኘኋት። በሳምንቱ ከሁለት ወር ልጆች እኩል እየለቀመች ነበር። ግን እንዳላጋንን፣ ተከታዩን ልጅ በተመሳሳይ አስተምሬው በሶስተኛ ቀኑ ጠፋ፣ ሳይት ላይ የተሻለ ቀን ይከፍላሉ ብሎ።

ቋንቋን ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄ ትልቅ ቅሬታዬ ነው። ስልጠናው ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ነው፣ ጥራዙም። ጅማ ላይ ሆነን! ክፍል ውስጥ ካለነው ግማሹ ስራ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው በኦሮምኛ ነው፣ አንድ ሰው ስታስተምር ወይ ስታርም በምን ቋንቋ እንደምታርመው ዋናው ነገር ነው፣ በተለይ ትልልቅ ሰው ከሆነ አክብሮቱ የሚገለጸው በቋንቋው ነው። አንዷን እናት በአማርኛ "እርስዎ" ብዬ ከማርማት በኦሮምኛ "አዴ" ብዬ ባርማት የበለጠ ትሰማኛለች፣ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ራሳቸው እየቀያየሩ ያወሩ ነበር፣ ሌሎቹ አሰልጣኞች ግን አይችሉም ወይ አይፈልጉም። ልምምዱን ቢያንስ በሁለቱም ቢያደርጉት ምን ነበረበት።

አራተኛው ቅዳሜ የህግ ነበር። አንድ የህግ ባለሙያ መጥቶ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ለኛ የሚሆነውን ብቻ እያወጣ ነገረን። እኔ ለይስሙላ ብዬ ነው የገባሁት፣ ሲጨርስ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መደበኛ ስራ በቀን 8 ሰዓት በሳምንት 48 ሰዓት ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ትርፍ ሰዓት ግን በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ ከ12 ሰዓት መብለጥ እንደማይችል አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ጭነት በበዛበት ሰሞን ቅሸራ ክፍል ያሉትን ስድስት ልጆች 10 ሰዓት መውጣት የነበረባቸውን እስከ ምሽት 1 ሰዓት አስቀርቻቸዋለሁ፣ አምስት ቀን ተከታታይ። በጣት ቆጠርኩት፣ ሶስት ሲባዛ በአምስት 15። የተከፈላቸው ደግሞ እንደ ተራ ሰዓት ነው፣ ህጉ ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ከግማሽ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75፣ የሳምንት እረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ የህዝብ በዓል ሁለት ከግማሽ ነው የሚለው። እኔ አይደለሁም የምከፍለው፣ እሺ፣ ግን የሰዓት መቆጣጠሪያው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? የኔ። ለካ ዝም ብዬ በየቀኑ ስፈርም የነበረው ወረቀት ነገር አለበት።

የግንባታው ልጅ ተነስቶ "ይሄ ህግ እኛ ሳይት አልደረሰም" አለ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ጠበቃው ግን አልሳቀም፣ "ክስ ሲመጣ ይደርሳል፣ ያኔ መጀመሪያ የሚጠየቀው መዝገቡን የያዘው ሰው ነው" አለው። ልጁ ቁጭ አለ።

ሌላ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ ሱፐርቫይዘር ተብላችሁ ስለተሾማችሁ ብቻ በህጉ "የስራ መሪ" አልሆናችሁም። የስራ መሪ የሚባለው ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የማባረር አይነት ስልጣን የተሰጠው ነው፣ የስራ መሪ ከሆንክ አዋጁ አይሸፍንህም። እኔ እንኳን ማባረር እስክሪብቶ ለመግዛት አስፈቅዳለሁ። ስለዚህ ትርፍ ሰዓቱ እኔንም ይመለከታል ማለት ነው፣ አንድም ቀን ሂሳቡን ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ስለ አምስተኛው ቅዳሜ፣ ረጅም ነው ታገሱኝ። ሽማግሌው ተመለሱ፣ ርእሱ ችግር ያለበትን ሰራተኛ እንዴት እንደምትይዝ ነው፣ እና "አሁን ስራ ቦታ ላይ የሚያናድዳችሁን አንድ ሰው አስቡ" አሉ። እኔ አላሰብኩም፣ ዝግጁ ነበርኩ። አንዲት እናት አሉ፣ ጎበዝ ለቃሚ ናቸው፣ ግን ይዘገያሉ። ከ1 ሰዓት ፈረቃ 1 ከ40፣ 1 ከ45። ከህጉ ቀን በኋላ ይባስ ብዬ መቁጠር ጀምሬ ነበር፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ሰራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያው ሊሰናበት እንደሚችል ተምሬ መጥቼ ወረቀቱን አዘጋጅቻለሁ፣ ስድስተኛው ላይ ነን። ይሄን ሁሉ በኩራት ለክፍሉ ተናገርኩ።

ሽማግሌው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ለምን እንደሚዘገዩ ጠይቀሻቸዋል?"

አልጠየቅኩም። ስድስት ጊዜ ቆጥሬ፣ አንዴ አልጠየቅኩም። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ እሳቸው ግን አላዋረዱኝም፣ "እሺ፣ መጀመሪያ ነገሩን ሰብስቢ፣ የሚሉትንም የሚሰማቸውንም፣ ከዛ መዝነሽ ወስኚ፣ ውሳኔሽ ለሌሎቹ ምን እንደሚሆን አስቢ፣ ከዛ አድርጊው፣ ከዛ ደግሞ ውጤቱን ተመልሰሽ እዪ" አሉ። አራት ነገር፣ እንደ ማስተማሩ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፣ ለብቻቸው ጥሪ፣ ቆመሽ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ፣ ሰው በማያይበት።

ማክሰኞ ሚዛን ቤት ጠራኋቸው። የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት የምታደርሰው ልጃቸው አዲስ አበባ ሄዳለች፣ በሩ የሚከፈተው 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅ በር ላይ ብቻውን ትቶ መምጣት ከበዳቸው፣ ከዛ ባጃጅ እስኪገኝ። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው "አንቺ ትጮሂያለሽ እኮ ልጄ" አሉኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም።

መፍትሄው ቀላል መሰለኝ፣ 1 ከ45 ገብተው 45 ደቂቃ ዘግይተው ይውጡ፣ በዛች ሰዓት ሳህንና ወንፊት ተሰብስቦ የሚቆጠርበት ስራ አለ እሱን ይያዙ። ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሌሎቹ ተነሱ፣ "ለሷ ብቻ ነው እንዴ ልጅ ያለው?" ይሄ ነው እንግዲህ "ለሌሎቹ ምን እንደሚሆን አስቢ" የተባለው፣ ጽፌዋለሁ ግን አላሰብኩትም። ሁሉንም ሰብስቤ ትንሽ ልጅ የሚያደርስ ሰው ቀድሞ ቢያመለክት እንደሚታይለት ነገርኩ፣ ሁለት መጡ፣ አንዷን እሺ አልኳት፣ አንዷን ግን ታላቅ ልጇ ቤት እንዳለ ስለማውቅ እምቢ አልኩ። እስካሁን ሰላምታዬን በግማሽ ነው የምትመልሰው። ስልጠናው ይሄ ይመጣል ብሎ ባይነግረኝም አሁን እያወቅኩት ነው፣ ድሮ የምሳ ጓደኞቼ የነበሩት ጋር የሆነ ነገር ተቆርጧል፣ ተመልሶ እንደድሮ አይቀጠልም።

ስራ አስኪያጁ ደግሞ በሶስተኛው ቀን "ማን ፈቀደልሽ?" አለኝ። እና እዚህ ጋ ነው ስልጠናው ትልቁ ቀዳዳ ያለው። ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ከስርህ ያለውን ሰው እንዴት እንደምትይዝ ነው የተማርነው፣ ከላይህ ያለውን ግን ማንም አላነሳውም። ሱፐርቫይዘር ማለት ግን ከሁለት በኩል የሚገፋ ሰው ነው፣ ከላይ "ዛሬ ጭነት ይውጣ" ከስር "ደክሞናል"፣ መሀል ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። በሻይ ሰዓት ለሽማግሌው ነገርኳቸውና "ቁጥር ይዘሽ ግቢ፣ አለቃ ከቁጥር ጋር አይጣላም" አሉኝ። እኔ ደግሞ መዝጋቢ ነበርኩ፣ ቁጥር የኔ ቤት ነው። ደብተሬን ይዤ ገባሁ፣ እኚህ እናት በቀን ስንት ኪሎ እንደሚለቅሙ፣ ቢሄዱ እሳቸውን የሚተካ አዲስ ሰው እዛ ለመድረስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት አሳየሁት። አየ፣ ዝም አለ፣ "እሺ ግን ለሌላ እንዳይለመድ" ብሎ ተወው። የትርፍ ሰዓቱንም በዛው አነሳሁ። እሱ ላይ ገና እየተነጋገርን ነው፣ ልጆቹን ግን በሳምንት ከ12 ሰዓት ትርፍ በላይ ማስቀረት አቁሜያለሁ፣ ፊርማዬ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ። የደህንነቱ ቀን አሳዘነኝ። የውጭ ሀገር ፋብሪካ ቪዲዮ አሳዩን፣ ሁሉም ሰው ቢጫ ኮፍያና ጓንት ያለው፣ ወለሉ መስታወት የመሰለ። እኛ ጋ ያለው የቅሸራ አቧራ ነው፣ ፊት ላይ በሻርፕ ታስሮ የሚሰራበት፣ ከፍ ብሎ የተደረደረ ጆንያ ነው ከስሩ አንዱ ሲሳብ የሚናድ፣ ሽፋኑ ወልቆ የቀረ ቀበቶ ያለው ማሽን ነው። ስለነዚህ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ "እንደየስራ ቦታው ይለያያል"። እንደሚለያይማ አውቃለሁ! ከልምምዱ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው እሱም ከአሰልጣኙ ሳይሆን አጠገቤ ከተቀመጠችው የልብስ ስፌት ልጅ፣ ማሽን ሲጸዳ ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ ቁልፉ በሚያጸዳው ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚሆነው አለችኝ፣ ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያበራው። በማግስቱ ቅሸራ ክፍል ጀመርነው።

የካይዘኑ ቀን ደህና ነበር፣ አምስቱ ማዎች፣ የስራ ቦታ አያያዝ ደረጃዎቹ፣ ማጣራት ማስቀመጥ ማጽዳት እያለ የሚሄደው፣ አብዛኞቻችን ከዚህ በፊት ሰምተነዋል። ወለል ላይ ቢጫ መስመር ያልተቀባበት ጅማ ውስጥ ያለ መጋዘን ማን አለ፣ ችግሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ መስመሩ ላይ ጆንያ መቆለሉ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አልመለሰልኝም፣ እኔ እንደሚመስለኝ መስመሩን የሚቀባው ከቢሮ የሚመጣ ሰው ሆኖ ጆንያውን የሚያስቀምጠው ሌላ ስለሆነ ነው። ስምንተኛው ቅዳሜ ፈተናና ፎቶ ነበር፣ ፈተናው ቀላል ነው፣ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ሰርተፍኬቱ "በሳምንቱ" ተብሎ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሶስት ጊዜ ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ። ደግሞ የማሰልጠኛው ሰርተፍኬት ነው እንጂ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው እንደዛ መስሎት ተመዝግቦ ነበርና ቀድማችሁ እወቁ።

ቡናውን ሳልጠቅስ ብቀር ደግሞ ይቆጨኛል። የቡና ሀገር ላይ ሆኜ፣ ከክፍሉ ግማሹ በቡና የሚተዳደር ሆኖ፣ በእረፍት ሰዓት የሚቀርበው ቡና ውሃ ነው። በቴርሞስ የመጣ፣ ሶስተኛ የሚመስል። አንዱ ለቀማ ላይ የሚሰራ ልጅ ስኒውን አሽትቶ "ይሄን እኛ ጋ ለቅመን የጣልነው ነው" አለ። ቆሎው ግን ጥሩ ነው።

ነጥብ ስጪው ካላችሁኝ ከ10 7 እሰጠዋለሁ፣ ሰባቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ከሶስት ቅዳሜ የመጣ ነው፣ ሶስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ለሶስቱ ብቻ ብሩን እከፍላለሁ? አዎ እከፍላለሁ፣ ከራሴ ኪስም ቢሆን። ገና አዲስ ለተሾመ ሰው፣ በተለይ ድሮ ባልደረቦቹ የነበሩትን እንዲመራ ለተሾመ ሰው ጥሩ ነው። አምስት ስድስት ዓመት የሰራ ካቦ ግን ግማሹ ይሰለቸዋል፣ እሱ ህጉን ብቻ ቢሰማ ይበቃዋል።

ቀጣዩ ዙር ምዝገባ ተጀምሯል ብለውኛል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሽማግሌው የሚያሰለጥኑበት ዙር መሆኑን ጠይቁ፣ በሚቀጥለው ላይኖሩ ይችላሉ ሲባል ሰምቻለሁና፣ እሳቸው ከሌሉ ብራችሁን ያዙ። ካሉ ደግሞ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ፣ የደረጃው ሁለተኛ እርከን ዝናብ ሲመታው ክፉኛ ያንሸራትታል፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ እዛ ላይ ነው የወደቀው።